ሁለት ቴምብር፣ ሁለት ሲም ካርድ፦ የመንገደኛ ግንኙነት የሒሳብ ታሪክ



 የንግግሬን ርእስ ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ «የታሪክ መምህር ስለ ሲም ካርድ ምን ያውቃል?» ብላችሁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በስልክ በር ሳይሆን በፖስታ በር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የማነሣቸው ውሎች የተፈረሙት በዚያ አቆጣጠር ነውና።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ከተላኩ ደብዳቤዎች መካከል ቴምብር ሰብሳቢዎች እንደ ብርቅ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት አለ። በፖስታው ላይ የሁለት አገር ቴምብር ተለጥፎበታል። አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ወይም የይሁዳን አንበሳ የያዘው የኢትዮጵያ ቴምብር ነው፤ ሁለተኛው ጅቡቲን ይገዛ የነበረው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ውስጥ የታተሙ ናቸው፤ በውበታቸው ከማንኛውም አገር ቴምብር አያንሱም ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች የቴምብሩ ዋጋ የሚያገለግለው እስከ ድንበር ብቻ ነበር። ደብዳቤው ባሕር ለመሻገር እንደገና መከፈል ነበረበት። በ1908 ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ሆነች፤ ሁለተኛው ቴምብርም ቀረ። ልብ በሉ፤ በዚያ ዓመት ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። መርከቦቹም፣ በቅሎዎቹም፣ መንገዱም ያው ናቸው። የተለወጠው ውሉ ብቻ ነው።

ዛሬ ከቦሌ ተነሥቶ ዱባይ ወይም ኢስታንቡል የሚያርፍ ተማሪ የሚያደርገውን ደግሞ ተመልከቱ። የስልኩን ጎን በመርፌ ጫፍ ወግቶ የአገሩን ሲም ካርድ ያወጣል፤ በወረቀት ጠቅልሎ በቦርሳው ኪስ ይከታል፤ ከዚያም ሌላ ሲም ለመግዛት ይሰለፋል። ወይም ደግሞ ስልኩን እንዳለ ዘግቶ «ዋይፋይ አለ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። እኔ በዚህ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስመለከት የታየኝ ያ ሁለተኛው ቴምብር ነው። የመንገደኛን ግንኙነት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነግሩን እንደ መሣሪያዎች ታሪክ ነው፤ ከቴሌግራፍ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኢንተርኔት። እኔ ዛሬ እንደ ሒሳብ መዝገብ ታሪክ ላወራው እፈልጋለሁ። መንገደኛው በሰው አገር ድምፁን የሚያሰማው በመሣሪያው ብርታት ሳይሆን፣ በአገሩ ያለ አንድ ተቋም «ይህ የእኔ ሰው ነው፤ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ» ሲልለት ነው። ዋስትና ማለት ነው።

ይህ ዋስትና መልክ ይዞ የተጻፈው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በግንቦት 1865 ሃያ የአውሮፓ መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የዓለም አቀፉን የቴሌግራፍ ኅብረት መሠረቱ። ከዚያ በፊት አንድ ቴሌግራም ድንበር ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በወረቀት ተገልብጦ፣ ወዲያ ማዶ ላለው ሠራተኛ በእጅ ተሰጥቶ፣ እንደገና ይመታ ነበር። ስምምነቱ አንድ ዓይነት የአሠራር ደንብ አወጣ፤ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ለሒሳቡ የወርቅ ፍራንክን የጋራ መለኪያ ማድረጉ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ኅብረት ውስጥ የገባችው በ1932 ነው።

ፖስታው ሌላ መንገድ መረጠ። በጥቅምት 1874 በርን ላይ ሃያ ሁለት አገሮች የፈረሙት ውል፣ በጀርመናዊው የፖስታ ሹም በሃይንሪኽ ፎን ሽቴፋን ሐሳብ መሠረት፣ አባል አገሮችን ሁሉ ለደብዳቤ አንድ ግዛት አደረጋቸው። እያንዳንዱ አገር ከራሱ ላኪ የተቀበለውን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፤ ከውጭ የመጣውን ደብዳቤ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያድላል። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው መልስ ይጽፋል፣ ስለዚህ ሒሳቡ በራሱ ይቻቻላል። ይህ የዋህ የሚመስል እምነት ለዘጠና ዓመታት ያህል ሠራ። በ1969 ግን የቶኪዮው ጉባኤ፣ ከላከው ይበልጥ የሚቀበል አገር የማደያ ክፍያ እንዲያገኝ ወሰነ። አንዱ ብዙ እየላከ ሌላው ብዙ የሚሸከም ከሆነ ይህ የ«መልስ ይጻፋል» ስሌት እንደማይቆም ታወቀ። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ውል ባለበት ሁሉ የውሉን ቀዳዳ የሚፈልግ አይጠፋም። ኅብረቱ በ1906 የመልስ ኩፖን የተባለ ወረቀት ፈጥሮ ነበር፤ ባንዱ አገር ተገዝቶ በሌላው አገር በቴምብር ይለወጣል። በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ ብዙ ሕዝብ ያታለለው «ኩፖኑን በርካሽ አገር ገዝቼ በውድ አገር እለውጣለሁ» ብሎ ነው። ስሙ እስከ ዛሬ የማጭበርበሪያ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ መነሻው ግን የፖስታ ስምምነት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የቴሌፎኑን ዘመን በአጭሩ አልፋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ለእኛ ስለሚቀርብ ላንሣ። ዓለም አቀፍ የስልክ ጥሪ ሲደረግ የደዋዩ አገር ኩባንያ ለተቀባዩ አገር ኩባንያ በየደቂቃው ይከፍል ነበር። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ውጭ የላከ ድሀ አገር፣ ከሚደውለው ይበልጥ ስለሚደወልለት፣ በየደቂቃው የውጭ ምንዛሪ ያገኛል። ከዋሽንግተን ለእናቷ የምትደውል ልጅ «እንደምን አደርሽ» ስትል ብቻ ለአገሯ ቴሌ ገቢ ታስገባ ነበር። በ1997 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የአሜሪካ ኩባንያዎች ለድሀ አገሮች የሚከፍሉት በደቂቃ ከ23 ሳንቲም እንዳይበልጥ፣ ቀስ በቀስ የሚተገበር ጣሪያ አበጀ። የእኛ ሰዎች በውጭ አገር ሱቆች የገዟቸው የስልክ ካርዶች ዋጋ የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ሒሳብ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ እንምጣ። በመስከረም 1987 ከአሥራ ሦስት የአውሮፓ አገሮች የመጡ ኦፕሬተሮች ኮፐንሃገን ላይ የፈረሙት ሰነድ ዛሬ ጂ ኤስ ኤም የምንለውን ሥርዓት በአንድነት ለመዘርጋት የገቡት ቃል ነው። ከዚያ በፊት የስካንዲኔቪያ አገሮች በ1981 ከጀመሩት የጋራ ኔትወርክ በቀር አብዛኛው የአውሮፓ አገር የየራሱ ሥርዓት ነበረው፤ የአንዱ ስልክ በሌላው ዘንድ ዕቃ ብቻ ነበር። በ1991 ሲም ካርድ መጣ፤ በ1992 ደግሞ የፊንላንድ ቴሌኮምና የእንግሊዙ ቮዳፎን የመጀመሪያውን የሮሚንግ ስምምነት ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1999 አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር ይህ የውል መረብ ቀድሞ ተዘርግቶ ጠብቆናል።

አሠራሩን ለታሪክ ተማሪ በሚገባ መልኩ ልግለጸው። በሲም ካርዱ ውስጥ አንድ መለያ ቁጥር ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገሩን ይናገራሉ። የኢትዮጵያ 636 ነው። መንገደኛው ሰው አገር ደርሶ ስልኩን ሲከፍት እንግዳ ተቀባዩ ኔትወርክ ቁጥሩን አንብቦ ወደ አገር ቤቱ ኔትወርክ ይጠይቃል፦ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ? ላገልግለው?» እዚያ ያለው መዝገብ «አዎን» ካለ በሰከንዶች ውስጥ ይፈቀድለታል። ሁለቱ ኩባንያዎች ውል ከሌላቸው ግን፣ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ እየታየ ስልኩ ባዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንግዳ ተቀባዩ የተጠቀመበትን እየመዘገበ የሒሳብ ሰነድ ለአገር ቤቱ ይልካል። ሰነዱ በአብዛኛው የሚሰላው ኤስ ዲ አር በተባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው። የወርቅ ፍራንክ ስሙን ለውጦ ዛሬም አለ ማለት ይቻላል።

የዳታው መንገድ ከድምፁ ይልቅ የተለየ ነው። በተለመደው የሮሚንግ አሠራር መረጃው መጀመሪያ ወደ አገር ቤት ኔትወርክ ይመለሳል፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ከዚያ ነው። ሁለት ኢትዮጵያውያን በአገራቸው ሲም ዱባይ ውስጥ ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ፎቶግራፍ ቢልክ፣ ፎቶግራፉ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። መንገደኛው አካሉ በሰው አገር ይሁን እንጂ ኢንተርኔቱ የሚያየው በአገሩ እንዳለ አድርጎ ነው፤ አገሩ የከለከለውም ድረ ገጽ እዚያም ይከለከልበታል።

ይህን ሁሉ ያኔ ባውቅ ኖሮ አንድ ዕዳ ባልገባሁ ነበር። በ2009 ለጥናት አውሮፓ ነበርኩ። እዚያ የሚኖር የልጅነት ወዳጄ ስማርት ስልክ አዋሰኝ፤ መስመሩ በእሱ ስም የወር ክፍያ ውል የተገባበት ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ቅድም የነገርኳችሁን ሁለት ቴምብር ያለባቸውን ፖስታዎች ለማየት በባቡር ወደ ጎረቤት አገር ሄድኩ። በዚያ ሳምንት እናቴ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። እኅቴ ከሰፈራችን ኢንተርኔት ካፌ የሐኪሙን ወረቀቶች በስካነር እያነሣች በኢሜይል ትልክልኝ ነበር፤ ያገኘኋቸው የሕክምና ባለሙያ ወረቀቱን እንዳሳያቸው ነግረውኛልና። በባቡር ድንበር አይታይም። ኬላ የለም፤ ማኅተም የለም፤ የመስኮቱ ሜዳ ያው ነው። ስልኩ ግን ድንበሩን አውቋል። እኔ ፖስታዎቹን እያገላበጥኩ ሳለ እሱ ኪሴ ውስጥ ሆኖ የእኅቴን ወረቀቶች አንድ በአንድ ያወርዳል፤ ሲቋረጥም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሒሳቡ የመጣው ለወዳጄ ነው። ከወር የቤት ኪራዩ ይበልጥ ነበር። «ተወው ወንድሜ፣ እማማ ይዳኑ እንጂ» አለኝ። እናቴ ዳነች። እኔም ለአምስት ወራት ከአበሌ እየቀነስኩ መለስኩለት። ሁለተኛውን ቴምብር በመስታወት ውስጥ እያየሁ ሳለ ሁለተኛውን ቴምብር ራሴ እየከፈልኩ እንደነበር የገባኝ ወረቀቱን በእጄ ስይዝ ነው።

እንዲህ ያለው ድንጋጤ የእኔ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነር ቪቪያን ሬዲንግ የመሩት የመጀመሪያው የሮሚንግ ደንብ በ2007 ሲወጣ በድምፅ ላይ ብቻ ያተኮረ ነበር፤ ለመደወል በደቂቃ 49፣ ለመቀበል 24 የዩሮ ሳንቲም ጣሪያ አበጀ። በ2009 አጭር መልእክት ተጨመረ። ዳታን በሚመለከት ግን ኦፕሬተሮች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት የጅምላ ዋጋ ሲገደብ ከመንገደኛው የሚወሰደው የችርቻሮ ዋጋ ልቅ ሆኖ ቆየ። በሐምሌ 2010 ሒሳቡ 50 ዩሮ ሲደርስ ዳታው በራሱ እንዲቋረጥ የሚያዝ ድንጋጌ ሥራ ላይ ዋለ፤ ለእኔ አንድ ዓመት ዘግይቶ። የችርቻሮ ጣሪያ የመጣው በ2012 ነው፤ በሜጋባይት 70 ሳንቲም። በ2014 ወደ 20 ሳንቲም ወረደ፤ በሰኔ 15 ቀን 2017 ደግሞ ተጨማሪ ክፍያው በኅብረቱ አገሮች መካከል ተሻረ።

እዚህ ላይ የቶኪዮውን ጉባኤ አስታውሱ። ስዊድናውያን በበጋ ወደ ግሪክና ወደ ስፔን ይወርዳሉ፤ ግሪካውያን ግን በዚያው ልክ ወደ ስዊድን አይወጡም። እንግዳ ተቀባይ የሆኑት የደቡብ አገሮች ኔትወርኮች ብዙ ይሸከማሉ፤ የሰሜኖቹ ብዙ ይልካሉ። የክርክሩ ዋና ጭብጥ ስለዚህ የጅምላው ዋጋ ሆነ፤ በ2017 በጊጋባይት 7 ዩሮ ከ70 የነበረው በየዓመቱ እየወረደ በ2022 መጀመሪያ 2 ዩሮ ተኩል ደረሰ። ርካሽ ሲም ከአንዱ አገር ገዝቶ በሌላው አገር ዘላለም የሚኖርበትን ሰው ለመከላከል ደግሞ የአራት ወር አጠቃቀም የሚመረመርበት ደንብ ገባ። የፖንዚን ኩፖን የሚያስታውስ ሥጋት ነው።

ነገር ግን ይህን ታሪክ ብራስልስ ላይ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ይረሳሉ፤ እኔ በበኩሌ ይህን መዘንጋት ቀላል ስሕተት ነው ብዬ አላልፈውም። በመስከረም 2006፣ ከአውሮፓው ደንብ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ሱዳናዊው ሞ ኢብራሂም የመሠረተው ሴልቴል በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ «አንድ ኔትወርክ» የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። የሦስቱ አገሮች ደንበኛ ድንበር ሲሻገር ጥሪ ለመቀበል አይከፍልም፤ ሲደውልም እንደ አካባቢው ሰው ይከፍላል። ይህ ሊሆን የቻለው ኩባንያው በሦስቱም አገሮች የራሱ ኔትወርክ ስለነበረው ነው፤ ላኪውም ተቀባዩም አንድ ሲሆን ዋስ አያስፈልግም። ገበያተኛው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ከድንበር ወዲያና ወዲህ ዘመድ ያለው ሁሉ በየኪሱ ሁለትና ሦስት ሲም ይዞ የሚዞርበት አካባቢ ነው። ከ2014 ጀምሮ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን ጉዳዩን በመንግሥታት ደረጃ ይዘው በመካከላቸው የሮሚንግ ዋጋ አወረዱ። ከሞያሌ ወዲህ ያለነው ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ አልነበርንም።

ዋይፋይስ? ብዙ ሰው ዋይፋይን ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ነጻ አድርጎ ያየዋል። በከፊል እውነት ነው። የአሜሪካው ኮሚሽን በ1985 አንዳንድ የሬዲዮ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ እንዲያገለግሉ ከፈተ፤ ከመካከላቸው አንዱ የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት ሞገድ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ በ1997 ወጣ፤ ዋይፋይ የሚለው ስም ደግሞ በ1999 ለገበያ ተብሎ ተሰጠው። ሞገዱ የማንም ባይሆንም ከበስተጀርባው ያለው ሽቦ ባለቤት አለው። ካፌው የሚሰጠው የይለፍ ቃል የቡናው ዋጋ ውስጥ ነው።

ለእኛ ለምሁራን ደግሞ ከዚህ የላቀ ነገር ተሠርቶልናል። በ2002 ገደማ ኔዘርላንድ ውስጥ ክላስ ቪረንጋ ባቀረበው ሐሳብ የተጀመረው ኤዱሮም፣ አንድ መምህር ወይም ተማሪ በራሱ ዩኒቨርሲቲ የይለፍ ቃል በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ እንዲገባ ያስችላል። ጥያቄው ወደ አገሩ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ዩኒቨርሲቲው «የእኔ ነው» ይላል፤ በሩ ይከፈታል። ገንዘብ አይወራረድም። የበርኑ ውል መንፈስ በሙሉ እዚህ አለ፤ የእናንተን ሰው ዛሬ እቀበላለሁ፣ ነገ የእኔን ትቀበላላችሁ።

ዋስ የሌለው ሰው ሁኔታ የሚታየኝም ከዚህ ጋር ሳነጻጽር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው እንደ ኢሞ ባሉ መተግበሪያዎች ነው። ለብዙዎቻቸው ዋይፋዩ የአሠሪው ነው። የይለፍ ቃሉ ሊሰጥ ይችላል፤ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል፤ ስልኩ ራሱ ሊወሰድ ይችላል። በአንዳንዶቹ አገሮች፣ ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በዋትስአፕ በድምፅ መነጋገር ራሱ ለረጅም ጊዜ ታግዶ ቆይቷል። እኔ ባሕር ተሻግሬ በማላውቀው ግቢ ስደርስ ዩኒቨርሲቲ ይመሰክርልኛል፤ ለእሷ የሚመሰክርላት ያው የሚያሠራት ሰው ነው። ስለ ሽቦና ስለ ሞገድ ስናጠና ይህ ልዩነት በቴክኖሎጂ ታሪክ ምዕራፍ ውስጥ አይገኝም፤ በሥራ ውልና በስደት ታሪክ ውስጥ ነው የሚገኘው። ከተማሪዎቻችን አንዱ ወይም አንዷ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።

በቅርቡ ደግሞ ካርዱ ራሱ መጥፋት ጀምሯል። ለተራው ተጠቃሚ የተዘጋጀው የኢሲም ደረጃ በ2016 ወጣ፤ ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ኮድ ገዝቶ ይጭናል፤ ሻጩ የመነሻ አገሩም የመድረሻ አገሩም ኦፕሬተር ሳይሆን በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ የሚያተርፍ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ናይሮቢ ያለው ሰው በኢንተርኔት ላይ ረግጦት በማያውቅ ሦስተኛ አገር ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። በመርፌ የሚነቀል፣ በወረቀት የሚጠቀለል ነገር አይኖርም።

ለታሪክ ባለሙያ ይህ ችግር ነው። ሁለት ቴምብር ያለበት ፖስታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ክርክሩን በፊቱ ላይ ይዞ ይገኛል። የኢሲም ኮድ ምን ይተዋል? እኔ በበኩሌ የወዳጄን የ2009 የሒሳብ ወረቀት ለምኜ ወስጄ አስቀምጬዋለሁ፤ ከፖስታዎቹ ፎቶግራፍ ጋር በአንድ አቃፊ ውስጥ ነው። አገር፣ ሰዓት፣ የኪሎባይት ብዛት፣ ዋጋ ተብሎ በአራት ዓምድ ተከፍሏል። በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ሦስት መስመሮች ተከታትለው ይታያሉ፤ የእኅቴ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው የደረሰበት ነው።